የምድር ቤቱ ተማሪ

ስለ ሳንባ ነቀርሳ ሲወራ ብዙ ትልልቅ ሰዎች ቀድሞ ትዝ የሚላቸው መርፌው ነው። ስሙ ስትሬፕቶማይሲን ይባላል፤ ሳንባ ነቀርሳን ማከም የቻለ የመጀመሪያው አንቲባዮቲክ እሱ ነው። «ማን አገኘው?» የሚለው ጥያቄ ደግሞ መምህርና ተማሪን አካስሷል።

በ1943 እ.ኤ.አ. አልበርት ሻትዝ በአሜሪካው ራትገርስ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ተማሪ ነበር፤ ዕድሜው 23፣ የወር አበሉ 40 ዶላር። የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያ የሚያስፈራ ነገር ስለሆነ ሙከራውን የሚያካሂደው ምድር ቤት ውስጥ ነበር። ሻትዝ በኋላ እንደተናገረው፣ አማካሪው ሰልማን ዋክስማን አንድም ቀን ወደዚያ ወርዶ አያውቅም።

የስትሬፕቶማይሲን ግኝት በ1944 ሲታተም የስሞቹ ተራ ሻትዝ፣ ኤልዛቤት ቡጊ፣ ዋክስማን የሚል ነበር። በሳይንስ ሙያ የስም ተራ ቀላል ነገር አይደለም። ብዙውን ጊዜ ፊት የሚጻፈው በእጁ የሠራው ሰው ነው፤ መጨረሻ ላይ የሚሰፍረው ደግሞ የቤተ ሙከራው ኃላፊ። ሥራ የሚገኘውም፣ ዕድገት የሚመጣውም በዚያች ስም ነው።

ከዚያ በኋላ በጋዜጣውም በየመድረኩም የሚነሣው ዋክስማን ብቻ ሆነ። ሻትዝ የፓተንት መብቱን ለዩኒቨርሲቲው ተቋም የለቀቀው ማንም የግል ጥቅም አያገኝበትም ብሎ ነበር። ዋክስማን ግን ከሽያጩ ድርሻ ይወስድ ኖሯል። ተማሪው በ1950 ከሰሰ። ጉዳዩ በስምምነት አለቀ፤ ሻትዝ የግኝቱ ተካፋይ መሆኑ ታመነለት፣ ከመቶ 3 ድርሻም ተቆረጠለት፤ ለዋክስማን 10 ሆነ።

ዋክስማንም እውነት አለው። የአፈር ተሕዋስያንን እያጣሩ መድኃኒት የመፈለጉን መንገድ ለዓመታት የዘረጋው እሱ ነው፤ ያለዚያ ምድር ቤቱም ባዶ ክፍል ነበር። ይህ ግን የተማሪውን ስም ለመዋጥ አያበቃም። ዋክስማን በ1952 የኖቤል ሽልማቱን ብቻውን ወሰደ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ባሳተመው የሕይወት ታሪኩም ሻትዝን በስሙ አልጠራውም። ቂም እንዲህ ነው፣ ስም ይነፍጋል።

የሙያው ሰዎች ፍርድ ከዚህም ባሰ። ሻትዝ ያጎረሰውን እጅ የነከሰ ተባለና በትልልቅ ቤተ ሙከራዎች በር ተዘጋበት። ራትገርስ ሜዳሊያ የሸለመው በ1994 ነው፣ በ74 ዓመቱ።

ቡጊስ? በጽሑፉ ላይ ሁለተኛ የነበረችው እሷ በፓተንቱ ላይ ስሟ የለም። በስምምነቱ የደረሳት ከመቶ 0.2 ነው። እሷ ማንንም አልከሰሰችም።