ከባሌ ለሄደ ጎልማሳ እንግሊዝኛን ማስተማር

ከደሎ መና፣ ከጎባና ከሮቤ አካባቢ ተነስተው በውጭ አገር የሚኖሩ ጎልማሶች እንግሊዝኛን የሚጀምሩት ከአንድ ደረጃ አይደለም። በ1969 እና 1970 ዓ.ም. የኦጋዴን ጦርነት ከባሌ ወደ ሶማሊያ የተሰደዱ ብዙዎች ነበሩ፤ ሌሎች ደግሞ በኋለኞቹ ዓመታት በዲቪ ወይም በቤተሰብ ጥሪ ሄደዋል። በውጭ አገር ካሉት የኦሮሞ ማኅበረሰብ ትልልቅ መኖሪያዎች አንዱ የአሜሪካ የሚኒሶታ ግዛት ነው።

የእነዚህ ሰዎች የንባብ ታሪክ በዕድሜያቸው ይለያያል። በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የተማሩ አዛውንቶች አፋን ኦሮሞን ያነበቡት በግዕዝ ፊደል ነው። ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ የተማሩት በቁቤ፣ ማለትም በላቲን ፊደል ያነባሉ። ትምህርት ቤት ያልገቡም አሉ፤ እነርሱ የሚጀምሩት እርሳስ ከመያዝ ነው።

ቁቤ የሚያውቅ ሰው ፊደሎቹን ስለሚለይ የተሻለ መነሻ አለው። ሆኖም እንግሊዞች “ሲ” የሚሉት ፊደል በቁቤ “ጭ”፣ “ኤክስ” የሚሉት ደግሞ “ጥ” ተብሎ ስለሚነበብ ልዩነቱን ገና ከጅምሩ ማሳየት ያስፈልጋል። በግዕዝ ፊደል የለመደ ሰው የላቲኑን ቅርጽ እንደ አዲስ ይማራል።

ከድምፅ አንጻር “ፕ” እና “ቭ” በአፋን ኦሮሞ የሚገኙት በውሰት ቃላት ብቻ ስለሆነ “ፓርክ” የሚለው ቃል በቀላሉ “ባርክ” ይሆናል። በዓረፍተ ነገር አሠራርም በአፋን ኦሮሞም ሆነ በአማርኛ ግሱ መጨረሻ ላይ ሲውል በእንግሊዝኛ ከባለቤቱ ቀጥሎ ይመጣል። ስለዚህ ተማሪው ቃላቱን እያወቀ ቅደም ተከተሉን ቢስት የሚያስገርም አይደለም።

የሚያግዘው ሰው ትምህርቱን ከዕለት ጉዳይ ቢያያይዘው ውጤቱ ይፈጥናል። የሐኪም ቀጠሮ መያዝ፣ ከልጅ ትምህርት ቤት የመጣ ደብዳቤ ማንበብ፣ ለሥራ ቃለ መጠይቅ መዘጋጀት ጥሩ መልመጃዎች ናቸው። ስህተትን ሁሉ በየቃሉ ማረም አንደበትን ያስራል፤ መልእክት የሚያሳስተውን ብቻ ማንሳት ይበቃል። በተለይ አዛውንትን በልጆቻቸው ፊት ማረም ክብራቸውን ስለሚነካ ለብቻ ቢደረግ ይሻላል። በፈረቃ ለሚሠሩና ሕፃን ለሚያሳድጉ ደግሞ አጭርና ተደጋጋሚ ጊዜ ከረጅም ክፍለ ጊዜ ይልቅ ይመቻል።

በአሜሪካ ለሚኖሩ ብዙዎች የመጨረሻው ግብ የዜግነት ፈተና ነው። ፈተናው እንግሊዝኛ መናገርን፣ ማንበብንና መጻፍን፣ እንዲሁም ስለ አገሪቱ ታሪክና መንግሥት የሚቀርቡ ጥያቄዎችን መመለስን ይጠይቃል። ዕድሜያቸው 50 ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ በቋሚ ነዋሪነት 20 ዓመት የቆዩ፣ ወይም 55 ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ 15 ዓመት የቆዩ አመልካቾች ከእንግሊዝኛው ፈተና ነፃ ናቸው፤ የታሪኩን ጥያቄ በአስተርጓሚ በቋንቋቸው መመለስ ይችላሉ። ይህን ሳያውቁ ማመልከቻውን የሚያዘገዩ እንዳይኖሩ አጋዡ አስቀድሞ ሊነግራቸው ይገባል።

እንግዲህ ሊያስተምር የተነሳ ሰው መጽሐፍ ከመግዛቱ በፊት ተማሪው በየትኛው ፊደል እንዳነበበ፣ እስከ ስንተኛ ክፍል እንደተማረና እንግሊዝኛን ለምን ጉዳይ እንደሚፈልግ ይጠይቅ።