አፍንጫችን ሽታን እንዴት ያውቃል?

ጎረቤት ቡና ሲቆላ ሳታዩ ታውቃላችሁ። በቆሎ ከሻገተ ጎተራውን እንደከፈታችሁ ትለያላችሁ። ዓይን ያላየውን አፍንጫ እንዴት ያውቀዋል?

በአዲስ አበባ ደቡብ ነፋስ ስልክ የሚባል ሰፈር አለ። ስሙን ያገኘው ያለ ሽቦ፣ በአየር ብቻ መልእክት ያስተላልፍ ከነበረ ጣቢያ ነው። ሽታም በአየር የሚመጣ መልእክት ነው። ከሚቆላው ቡና በዓይን የማይታዩ ደቃቅ ቅንጣቶች ይነሱና ነፋስ ያመጣቸዋል። መልእክት ግን ተቀባይ ካላገኘ ከንቱ ነው። የሽታ ተቀባዮች ያሉት በአፍንጫችን ውስጥ፣ ከላይ በኩል ባለች ትንሽ ስስ ሽፋን ላይ ነው። ቅንጣቱ ከሚገጥመው ተቀባይ ላይ ሲያርፍ ወሬው በነርቭ ወደ አንጎል ይሄዳል።

ተቀባዮቹ እንዴት እንደሚሠሩ የሚያዘው ጂን ይባላል። ጂን ከእናትና ከአባት የምንወርሰው፣ በሰውነታችን ውስጥ እንደ ጽሑፍ የተቀመጠ ትእዛዝ ነው። የሽታን ጂኖች በ1983 ዓ.ም. ያገኙት ሊንዳ በክና ሪቻርድ አክሰል የሚባሉ አሜሪካውያን ናቸው። ለዚህም በ1997 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል።

ሰው የሚሠሩ የሽታ ጂኖች ያሉት 400 ያህል ነው። ላም እኮ ከእኛ እጥፍ በላይ አላት! ታዲያ በ400 ተቀባይ ይህን ሁሉ ሽታ እንዴት እንለያለን? ፊደል የቆጠረ ሰው መልሱ አይጠፋውም። «በ» ከ«ግ» ጋር በግ፣ ከ«ሬ» ጋር በሬ ይሆናል። አንድ ሽታም ብዙ ተቀባዮችን ባንድ ጊዜ ይነካል፤ አንጎል እነሱን አጣምሮ ያነባል።

ጂን ከሰው ሰው ይለያያል። እርጥብ የድንብላል ቅጠል አንዱን ደስ ሲለው፣ ሌላውን ሳሙና ሳሙና ይሸተዋል። ይህ ኦአር6ኤ2 ከሚባል ጂን ጋር ይያያዛል፤ ልማድም አለበት። እንግዲህ ቅጠሉን የማይወደውን ሰው ቀበጠ አትበሉት።

አሁን ዋናውን ስሙኝ። ተቀባይ የሌለው ነገር አይሸትም። ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል የሚገድል መርዝ ይወጣል። አፍንጫችን ለዚህ መርዝ ተቀባይ የለውም። ብዙ ሰው «ጭሱ ወጥቶለታል፣ ፍም ሆኗል» ብሎ ማንደጃውን ወደ ቤት ያስገባል። ጭሱ ይጥፋ እንጂ መርዙ ከቀላው ፍም መውጣቱን አያቆምም። ክረምት ነው፣ ይበርዳል ብላችሁ ማንደጃ አስገብታችሁ አትተኙ። ከሰል ባለበት ቤት ራሳችሁን ካመማችሁ፣ ካዞራችሁ ወይም ካቅለሸለሻችሁ፣ ምንም አይሸትም ብላችሁ አትቀመጡ፤ ቶሎ ወደ ደጅ ውጡ። የደከመውንም ሰው ተሸክማችሁ አውጡትና ወደ ጤና ጣቢያ አድርሱት።