የጥርስ ሳሙና ሲያልቅ፦ መፋቂያ፣ ጨውና ሶዳ

በካኩማ መጠለያ ጣቢያ ድዳቸው እየደማ ወይም ጥርሳቸው ተቦርቡሮ ወደ ክሊኒክ ከሚመጡ ሰዎች ብዙ ጊዜ የምንሰማው «ኮልጌት ካለቀብኝ ቆየ፤ ስለዚህ ማጽዳቱን ትቻለሁ» የሚል ነው። የሳሙናው ማለቅ እርግጥ ችግር ነው። ትልቁን ጉዳት የሚያመጣው ግን ማጽዳቱን መተው ነው።

ምግብ ከበላን በኋላ በጥርሳችን ላይ፣ በተለይም ጥርስና ድድ በሚገናኙበት ቦታ፣ ስስና የሚያዳልጥ ሽፋን ይፈጠራል። ጠዋት ስንነሳ በምላሳችን የምንዳስሰው ይህንኑ ነው። ሽፋኑ የጀርሞች ክምችት ሲሆን ጀርሞቹ ስኳር ባገኙ ቁጥር አሲድ ይሠራሉ፤ አሲዱም ጥርስን እየበላ ይቦረቡራል። ድዱም ይቆጣና ይደማል። ሽፋኑ በመጉመጥመጥ ብቻ አይለቅም፤ ተፍቆ መነሳት አለበት። ይህንን ሥራ የሚሠራው ቡርሹ ወይም መፋቂያው ነው።

ታዲያ ሳሙናው ምን ይጠቅማል? ዋናው ጥቅሙ በውስጡ ያለው ፍሎራይድ ነው። ፍሎራይድ ጥርስ አሲድን እንዲቋቋም ያደርጋል። የዓለም የጤና ድርጅት ፍሎራይድ ያለውን የጥርስ ሳሙና እ.ኤ.አ. በ2021 በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ያስገባው በዚህ ምክንያት ነው። ከዚህ በታች የምናስተምረው የቤት ዱቄት ፍሎራይድ ስለሌለው የሳሙናውን ቦታ ሙሉ በሙሉ አይተካም። በመሆኑም በቤት ውስጥ አንድ ቱቦ ብቻ ካለ ለልጆች ይቀመጥ። ከ3 ዓመት በታች ላለ ሕፃን የሩዝ ፍሬ የምታህል፣ ከ3 እስከ 6 ዓመት ላለ ልጅ ደግሞ የአተር ፍሬ የምታህል ብቻ ትበቃለች። ቡርሹን ከዳር እስከ ዳር መሙላት ማስታወቂያ ላይ የሚታይ ነገር ነው፤ ለጥርስ የሚጨምረው የለም። ልጁ ካጸዳ በኋላ አረፋውን ይትፋ እንጂ በብዙ ውሃ አይጉመጥመጥ፤ ፍሎራይዱ ታጥቦ ይሄዳልና።

መፋቂያ

የወይራና የክትክታ መፋቂያ ከአገር ቤት ጀምሮ እናውቃለን። በቱርካና ደግሞ ሌላ ጥሩ ዛፍ አለ፤ ቱርካናዎች ኤሴኮን፣ ሶማሌዎች አደይ ይሉታል። በዓረቡ ዓለም ሚስዋክ ተብሎ የታወቀው ይኸው ነው። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ፣ ልማዱ ባለባቸው አገሮች በዚህ መፋቂያ መጠቀም እንዲበረታታ መክሯል። አንዳንድ ወጣቶች መፋቂያን የገጠር ሰው ነገር አድርገው ያዩታል። በደንብ የተያዘ መፋቂያ ግን ጸጉሩ ከተንጨባረረ አሮጌ ቡርሽ በእጅጉ ይሻላል።

መፋቂያውን ገበያ ላይ ተቆርጦ ከሚሸጠው መግዛት ይመረጣል። ከጣቢያው ውጭ ሄዶ ዛፍ መቁረጥ ከአካባቢው ሕዝብ ጋር ያጋጫል። በቱርካናዎች ዘንድ የወንዝ ዳር ዛፎች ኤክዋር በሚባል ሥርዓት የቤተሰብ ይዞታ ናቸው፤ ለእኛ ባለቤት የሌለው የሚመስለን ዛፍ ባለቤት አለው። የማታውቁትን ተክል ደግሞ ፈጽሞ አፋችሁ ውስጥ አታስገቡ። ለአጥር የሚተከለው ቅንጭብና ሌሎች ወተት የሚያወጡ ተክሎች አፍን ያቃጥላሉ፤ ወተቱ ዓይን ውስጥ ከገባም ይጎዳል። ግንዱ ወፍራም፣ አበባው ሮዝ የሆነው የበረሃ ቁጥቋጦ ደግሞ ጭማቂው ለቀስት መርዝ ሲያገለግል የኖረ ነው።

እንጨቱ የእርሳስ ውፍረት ያለውና አንድ ስንዝር ያህል ቢሆን ለመያዝ ይመቻል። ጫፉን አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ልጣችሁ እንደ ቡርሽ ጸጉር እስኪሆን ድረስ አኝኩት። ከደረቀ በንጹሕ ውሃ ዘፍዝፉት። ከዚያም ከድዱ ጀምራችሁ ወደ ጥርሱ ጫፍ ፋቁ፤ ማለትም የላይኛውን ጥርስ ወደ ታች፣ የታችኛውን ወደ ላይ። ወደ ጎን በኃይል መገዝገዝ ድድን ያሸሻል። ብዙ ሰው ሲያወራም ሲሄድም የፊት ጥርሱን ብቻ ሲፍቅ ይውላል፤ የሚቦረቦሩት ግን በአብዛኛው የመንጋጋ ጥርሶች ናቸው። የውስጡን፣ የውጩንና የማኘኪያውን ገጽ ሁሉ አዳርሱ። በቀን ሁለት ጊዜ፣ በተለይም ማታ ከመተኛት በፊት። ከዚያ በኋላ ስኳር የበዛበት ሻይ መጠጣት ድካሙን ከንቱ ያደርገዋል።

ጫፉ ሲላላ ቆርጣችሁ አዲስ ጫፍ አኝኩ። ባልና ሚስትም ቢሆኑ በአንድ መፋቂያ አይጠቀሙ፤ ድድ ሲደማ እንደ ሄፓታይተስ ቢ ያሉ በደም የሚተላለፉ በሽታዎች ከአንዱ ወደ ሌላው ሊሄዱ ይችላሉ። መፋቂያ ለማኘክ ያልደረሰ ሕፃን ንጹሕ ጨርቅ በጣት ላይ ተጠቅልሎ ይጸዳለታል፤ የመጀመሪያዋ ጥርስ ብቅ ካለችበት ቀን ጀምሮ። በጥርስ መካከል የገባ ምግብ ሲያስቸግር በታጠበ ጠንካራ ክር ቀስ ብሎ ማውጣት ይቻላል፤ በእሾህ መጎርጎር ግን ድድን ያቆስላል።

የቤት ዱቄት

ጨውን በሙቀጫ እንደ ዱቄት እስኪልም ድረስ ውቀጡ። በዚያው ልክ ቤኪንግ ሶዳ ጨምራችሁ ደባልቁና ክዳን ባለው ደረቅ ዕቃ አስቀምጡ። ሲያስፈልግ በመዳፍ ላይ ጥቂት አፍስሳችሁ በረጠበ መፋቂያ ወይም ቡርሽ አንሱ፤ እርጥብ ቡርሽ ዕቃው ውስጥ አይግባ። ፈሳሹን ትፉ እንጂ አትዋጡ፤ የደም ግፊት ያለባቸው በተለይ ይጠንቀቁ።

ሶዳ ስትገዙ ሁለት ነገር አስተውሉ። ቤኪንግ ፓውደር ሌላ ነው፤ አሲድ የተቀላቀለበት ነው። እዚህ ባቄላ ቶሎ እንዲበስል የሚጨመረው ማጋዲም ለጥርስ አይሆንም፤ አፍ የሚያቃጥል ከመሆኑም በላይ ፍሎራይዱ ከመጠን በላይ ነው። ሶዳውን ካጣችሁ ያለ ምንም ዱቄት በውሃ ብቻ ፋቁ።

በከሰል፣ በአመድ፣ በአሸዋና በሎሚ ጥርስ የሚፍቁ አሉ። ጥርስ ለጊዜው ነጥቶ ይታያል፤ ነገር ግን የሚፋቀው የጥርሱ ጠንካራ ልባስ ነው፣ እሱም ተመልሶ አይበቅልም። በስምጥ ሸለቆ፣ ለምሳሌ በወንጂ አካባቢ፣ ያደጉ ሰዎች ጥርሳቸው ቡናማ ስለሆነ ይህን ሲያደርጉ ይታያል። ያ ቀለም በልጅነታቸው ከጠጡት ፍሎራይድ የበዛበት የጉድጓድ ውሃ የመጣና በጥርሱ ውስጥ ያለ ስለሆነ በምንም ቢፈተግ አይለቅም። የቆሻሻ ምልክትም አይደለም።

ቶሎ ወደ ክሊኒክ

በጎ ፈቃደኞች በየብሎኩ ስትዞሩ የልጆችን አፍ እዩ። በምግብ እጥረት የተጎዳ ወይም ከኩፍኝ የተነሳ ሕፃን ድዱ ቆስሎ ከደማና አፉ ክፉኛ ከሸተተ ኖማ የሚባለው በሽታ መጀመሪያ ሊሆን ይችላል። ኖማ በጥቂት ቀናት ውስጥ ጉንጭን በልቶ ይበሳል፤ ሕክምና ካላገኙ ሕፃናት እስከ 90 በመቶ የሚደርሱት እንደሚሞቱ የዓለም የጤና ድርጅት ይገልጻል። ገና ድድ ላይ ሳለ ከተደረሰበት ግን በተለመደ ጸረ ተሕዋስያን መድኃኒት፣ በአፍ ማጠቢያና በምግብ ይድናል። በአዋቂም ቢሆን ፊት ካበጠ፣ ትኩሳት ካለ፣ አፍ መክፈት ወይም መዋጥ ካስቸገረ፣ አስፕሪን ድድ ላይ አድርጎ መጠበቅ ያቆስላል እንጂ አያድንም። በዚያው ቀን ይምጡ፤ ሌሊት ከሆነም እስኪነጋ አይጠብቁ።