ስለ ኢንፍሉዌንዛ ማወቅ የሚገባን



ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ የማቃጠል ልማዳችን የ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ መታሰቢያ እንደ ሆነ ይነገራል። ያን ጊዜ ከተማችን ሐዋሳ ገና አልተቆረቆረችም። በአዲስ አበባ ግን ወደ 10,000 ሰው እንደ ሞተ ይገመታል፤ ራስ ተፈሪም ታመው ድነዋል።

ያ በሽታ ኢንፍሉዌንዛ ነበር። የሚያመጣው ቫይረስ ሕመምተኛው ሲያስልና ሲያስነጥስ በሚረጨው ጠብታ ወደ ሌላው አፍንጫና ጉሮሮ ይገባል፤ በሰውነት ሕዋስ ውስጥም ይባዛል። ከ1 እስከ 4 ቀን ባለው ጊዜ ትኩሳት፣ ራስ ምታት፣ ቁርጥማትና ሳል ይጀምራሉ። ቫይረሱ ጠባዩን ስለሚለዋውጥ አምና የታመመ ዘንድሮም ሊታመም ይችላል፤ ክትባቱም በየዓመቱ የሚታደሰው ስለዚህ ነው።

ጢስ ቫይረሱን አይገድልም፤ ይልቁንም የታመመውን ሳንባ ያውካል። አሞክሲሲሊንና ቴትራሳይክሊንም ባክቴሪያን እንጂ ቫይረስን አያጠፉም፤ ስለዚህ ሐኪም ሳያዝ አንግዛ። የሚረዳው ዕረፍት፣ ብዙ ፈሳሽና ለትኩሳቱ ፓራሲታሞል ነው። ለልጆች አስፕሪን አይሰጥ። እርጉዝ ሴት፣ ሕፃን፣ አረጋዊ ወይም አስም ያለበት ሰው ቢታመም፣ ማንም ቢሆን ትንፋሽ ቢያጥረው፣ ሳይዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ኦሴልታሚቪር የተባለው መድኃኒት በሐኪም ትእዛዝ በ48 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ይበልጥ ይጠቅማል።

እንግዲህ እጃችንን በሳሙና እንታጠብ፤ ስንስል አፋችንን በክንዳችን እንሸፍን፤ የጸሎት ቤታችንን መስኮት እንክፈት። ትኩሳት የያዘው ወገን ከጉባኤ ቀርቶ ቤቱ ቢያርፍ እምነቱ ጎድሎ አይደለም፤ ለባልንጀራው ማሰቡ ነውና በቤቱ እንጠይቀው፣ የሚጠጣውንም እናድርስለት።