ዛሩ ምን ጠየቀ?

እናታችሁ ተቆጥታ ዕቃ ስታንኳኳ አባታችሁ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ተዋት፣ ዛሯ ተነሥቶባት ነው» ሲል ሰምታችሁ ይሆናል። አክስታችሁ አዲስ ሰው ስትተዋወቅ «ውቃቢዬ አልወደደውም» ብላ ፊቷን አዙራ ይሆናል። ክው ብሎ የደነገጠ ሰው «ቆሌው ተገፈፈ» ሲባል፣ ነገር ሁሉ የሚጠምምበት ሰው ደግሞ «ውቃቢ የራቀው» ሲባል ሰምታችኋል። ዋሽንግተንም ሆነ ስቶክሆልም አድጋችሁ አማርኛን ከማዕድ ቤት ለለቀማችሁ ልጆች እነዚህ ቃላት ቀልድ ናቸው። ለአያቶቻችሁ ግን ቀልድ አልነበሩም። ዛር፣ ውቃቢና ቆሌ ስም ያላቸው፣ የሚቆጡና የሚለመኑ፣ ድግስ የሚበሉ የቤት እንግዶች ነበሩ።

ይህ ጽሑፍ ዛር አለ ወይስ የለም ብሎ አይከራከርም። ዛር ሲመጣ ምን እንደሚደረግና ምን እንደሚባል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ምን እንደሚጠየቅ ይነግራችኋል።

አንድ ከሰዓት፣ እንፍራንዝ

እንፍራንዝ ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት። በአጠገቧ ካለው ኮረብታ የጉዛራ ግንብ ጣናን ቁልቁል ያያል፤ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ዐፄ ሠርፀ ድንግል ያሠሩት፣ ዐፄ ፋሲል ጎንደርን ከመቆርቆራቸው በፊት የቆመ ግንብ ነው። እኔ ልጅ ሆኜ ክረምቱን የማሳልፈው እዚያ፣ አያቴ ዘንድ ነበር።

ከጎረቤቶቿ አንዷ ዝምተኛ ሴት ነበረች። ባሏ ክፉ የማይባል፣ እጁ ግን የማይፈታ ሰው ነው፤ ሁለት ክረምት ሙሉ አንድ ነጠላ ብቻ ለብሳ አይቻታለሁ። አንድ ከሰዓት አያቴ ቤት ቡና ተፈላ። አቦሉ ወርዶ፣ ቶናው ሲቀዳ ሴትዮዋ ማዛጋት ጀመረች። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። ሴቶቹ ተያዩ። አያቴ አማተበች፤ ባማተበችበት እጅ ደግሞ ከርቤና እጣን ቆንጥራ ፍሙ ላይ ጣለች።

ከዚያ ሴትዮዋ ከወገቧ በላይ መዞር ጀመረች። አንገቷ ክብ እየሠራ፣ ሻሿ ወድቆ፣ ትንፋሿ እያጓራ። ይህ እንቅስቃሴ ጉሪ ይባላል። ሲቆም የመጣው ድምፅ የእሷ አልነበረም፤ ወፍራም ነው፣ ይፎክራል። እሷንም «ፈረሴ» ይላታል። «ፈረሴን አራቆታችኋት! ፈረሴን አስራባችኋት!»

እኔን የገረመኝ የሴቶቹ ቋንቋ ነው። ከአንድ ስኒ በፊት «አንቺ» ሲሏት የነበረችውን ሴት አሁን «እንደምን ሰነበቱ ጌታየ? ምን አስቀየምንዎ?» ይሏታል። ባሏ ተጠራ። በሩ ላይ ባርኔጣውን አወለቀና ጎንበስ አለ። ድምፁ ቀይ ሻሽ፣ ጥለቱ ቀይ የሆነ ነጠላና ገብስማ ዶሮ ጠየቀ። ሚስቱ ብትጠይቀው «የት አባቴ አመጣለሁ?» የሚለው ሰው «እሽ ጌታየ፣ ለመስቀል» አለ።

ትንሽ ቆይቶ ሴትዮዋ ላቧን ጠረገች፣ ውኃ ጠየቀች፣ ዙሪያዋን አየች። «ምን አልኩ?» አለች። ማንም አልመለሰላትም። በረካው ተቀዳ።

ዛር ማን ነው?

ጎንደሬው አፈ ታሪክ እንዲህ ይላል። ሔዋን 30 ልጆች ነበሯት። ፈጣሪ ሊጎበኛት ሲመጣ፣ ይቆጥርብኛል ብላ ፈርታ ቆንጆዎቹን 15 ደበቀቻቸው። ፈጣሪም የተደበቁት እንደተደበቁ እንዲቀሩ ፈረደ። የሚታዩት እኛ ሆንን፤ የማይታዩት ዛሮች ሆኑ። ስለዚህ ዛር ከሌላ ዓለም የመጣ ፍጡር አይደለም፤ የተደበቀ ወንድም ነው። ከእኛ የሚያምረውና የሚከፋውም በዚሁ ነው።

ዛሮች እንደ እኛው አገርና ማዕረግ አላቸው። ክርስቲያንም እስላምም፣ ጌታም ሎሌም አለባቸው። ሰይፉ ጨንገር ከታላላቆቹ ወንዶች ይቆጠራል፤ ራሂሎ ከእመቤቶቹ ናት፤ ሻንቂት ደግሞ የራሂሎ ገረድ። የሻንቂት ስም የባርነት ዘመን ስም ነው፤ በምድር የነበረው የጌታና የባሪያ ሥርዓት በማይታየውም ዓለም ተቀድቷል። እያንዳንዱ የሚወደው ቀለም፣ የሚሻው መሥዋዕትና የሚፎክረው ፉከራ አለው።

ሰውዬው ወይም ሴትዮዋ «ፈረስ» ናቸው፤ ዛሩ ይጋልባቸዋል። በሄይቲ የቮዱ እምነትም፣ በናይጄሪያ ሐውሳዎች የቦሪ ሥርዓትም መንፈስ የሚወርድበት ሰው ፈረስ ይባላል። የዛር ሥርዓት ራሱም ከኢትዮጵያ ውጭ በሱዳን፣ በግብፅ፣ በሶማሊያና በደቡብ ኢራን አለ። ጣሊያናዊው ሊቅ ኤንሪኮ ቼሩሊ የቃሉን ሥር ወደ አገው ወስዶ፣ ከጥንታዊው የሰማይ አምላክ ስም ጋር አያይዞታል። ይህ እውነት ከሆነ፣ ያ አምላክ በክርስትና ዘመን ከሰማይ ወርዶ ገደልና ወንዝ፣ ዋርካና የሴት ትከሻ ላይ አርፏል ማለት ነው።

ውሉ እንዴት ይፈጸማል?

መጀመሪያ በሽታ አለ፦ እንቅልፍ ማጣት፣ የራስ ምታት፣ መካን መሆን፣ ሰውን መጥላት፣ ወይም ስሙ የማይታወቅ ድካም። በሽተኛዋ ወደ ባለ ዛር ትወሰዳለች። ባለ ዛሩ፣ ብዙ ጊዜም ባለ ዛሯ፣ ራሷ በታላቅ ዛር ተይዛ፣ ተሠቃይታ፣ ከዛሯ ጋር ውል የገባች ሴት ናት።

ቀጥሎ ስም ይፈለጋል። ባለ ዛሯ የራሷን ዛር ትጠራለች፤ የእሷ ዛር ደግሞ በሽተኛዋን የያዘውን ዛር እየተቆጣና እያባበለ ያናግረዋል። ጭብጨባና ዘፈን አለ፣ ቡናና እጣን አለ። በመጨረሻ የያዛት ዛር ይፎክርና ስሙን ይናገራል። ስሙ ከታወቀ በኋላ ድርድር ይገባል፦ ምን ይሻል? ምን ቢደረግለት ይታረቃል? ይጠይቃል፣ ይቀንሱለታል፣ ቀን ይቆረጥለታል።

ዛሩ እንዲወጣ አይደለም የሚለመነው። እንዲታረቅ፣ ከገዳይነት ወደ ጠባቂነት እንዲመለስ ነው። መሥዋዕቱ ይታረዳል፤ ሞራው በበሽተኛዋ ራስ ላይ ይደረጋል። ከዚያ በኋላ ሴትዮዋ ብቻዋን አይደለችም፤ የቤቱ ማኅበር አባል ናት። በዓሉ ሲደርስ ትመጣለች፣ ታግዛለች፣ የዶቃ ጨሌዋን ታስራለች፣ አንድ ቀን ራሷ ባለ ዛር ልትሆን ትችላለች። ይህን በጎንደር ያጠናው አሜሪካዊው ሳይመን ሜሲንግ እ.ኤ.አ. በ1958 ባሳተመው ጽሑፍ ሥርዓቱን የቡድን ሕክምና ብሎታል፤ ከማኅበራዊ ደረጃ ጋርም አያይዞታል። እዚያ ቤት የሚሰበሰቡት ብዙዎቹ በአደባባይ ድምፅ ያልነበራቸው ሰዎች ናቸው።

በዓታ ሠፈር፣ 1924 ዓ.ም.

የአንዲት ባለ ዛርን ቤት ከሁሉ አብልጠን የምናውቀው በአንድ ፈረንሳዊ ማስታወሻ ነው። ከዳካር ተነሥቶ ጅቡቲ የደረሰው የማርሴል ግሪዮል የምርምር ቡድን ከ1924 ዓ.ም. ክረምት እስከ ኅዳር 1925 (እ.ኤ.አ. 1932) ጎንደር ተቀምጧል። የቡድኑ ጸሐፊ ሚሼል ሌሪስ፣ ኢትዮጵያዊውን ምሁር አባ ጄሮም ገብረ ሙሴን አስተርጓሚ አድርጎ፣ በዓታ ሠፈር ወደምትኖር መልካም አያሁ ወደምትባል ታዋቂ ባለ ዛር ቤት ይመላለስ ጀመር። ልጇ እማዋይሽ በዘፈን የታወቀች ነበረች።

ሌሪስ ያስተዋለው ነገር ለእናንተ ይጠቅማል። መልካም አያሁ አንድ ዛር ብቻ አልነበራትም። ጦረኛው አባ ቆስቆስ ሲመጣ ትፎክራለች፤ ሻንቂት ስትመጣ እንደ ገረድ ትሠራለች፣ ትቀልዳለች፤ አባ ዮሴፍ ሲመጣ ባሕርይዋ ሌላ ነው። ለእንግዳ፣ ለሥራ፣ ለቁጣ፣ ለቡራኬ የየራሱ ዛር አለው። ሌሪስ ይህን፣ ሰው እንደየጊዜው ልብስ እያወጣ ከሚለብስበት ቁም ሣጥን ጋር አመሳሰለው። እ.ኤ.አ. በ1958 ባወጣው መጽሐፉም ነገሩን ከቲያትር ጋር አነጻጽሮ፣ ሰው የሚጫወተው ሳይሆን የሚኖረው ቲያትር መሆኑን አሳየ። ታስመስላለች ማለቱ አልነበረም። ማስመሰሉና ማመኑ የሚለዩበትን መስመር ፈልጎ ስላጣው ነው።

ከዚህ ታሪክ ጋር አንድ መራራ ነገር መታወቅ አለበት። ያው ቡድን የጎንደሩን የአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ከግድግዳው አውርዶ፣ በቦታቸው ቅጂ ተክቶ ወደ ፓሪስ ወስዷል፤ ዛሬም እዚያው ናቸው። የመልካም አያሁ ቤት ቃላትም በማስታወሻ ደብተር ተሳፍረው ሄደዋል። እናንተ ወላጆቻችሁ የማያወሩትን ታሪክ ፓሪስ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ብታገኙት አይግረማችሁ።

ጠበልና ዛር

ወላጆቻችሁ ስለዚህ ጉዳይ ሲጠየቁ ፊታቸው የሚለወጠው በምክንያት ነው። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የዛርን ሥርዓት አጥብቃ ታወግዛለች፤ ለእሷ ዛር የሚታረቁት ወንድም ሳይሆን የሚባረር ርኩስ መንፈስ ነው። ጠበል ቦታ ብትሄዱ የምታዩት ነገር ከባለ ዛር ቤት ጋር በመልኩ ይመሳሰላል፦ ጩኸት፣ የተለወጠ ድምፅ፣ «ስምህ ማነው? በምን ያዝካት?» የሚል ጥያቄ። መልሱ ላይ ግን መንገዱ ይለያል። ባለ ዛሯ «ምን እንስጥህ?» ትላለች፤ አጥማቂው «ልቀቃት!» ይላል።

እንዲህም ሆኖ ያቺ የአያቴ እጅ ታማትባለች፣ ዕጣንም ታጨሳለች። አያቴ የማርያምን ማኅበር አንድም ወር አላስታጎለችም። «እግዜርን አመልካለሁ፤ ጎረቤትን ግን አላስቀይምም» ትል ነበር። ጎረቤት ያለችው ሴትዮዋን ይሁን ዛሩን አልገለጸችልኝም።

ባሕር ማዶ

ዛር ፓስፖርት አይጠይቅም። በግንቦት 1983 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1991) በዘመቻ ሰሎሞን ከ14,000 በላይ ቤተ እስራኤላውያን ሁለት ቀን ባልሞላ ጊዜ ወደ እስራኤል ሲጓጓዙ፣ ብዙዎቹ የጎንደር ሰዎች ነበሩ፤ ከቡናው ጋር ዛሩም አብሮ ሄደ። ተመራማሪዎችም እዚያ የቡናውን ሥርዓትና ዛርን አያይዘው አጥንተዋል። እ.ኤ.አ. በ1994 የታተመው የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች መመሪያ፣ አራተኛው እትም፣ ዛርን በስሙ ጠቅሶ ከኢትዮጵያ እስከ ኢራን የታወቀ መሆኑን፣ በአገሬውም ዘንድ እንደ ሕመም እንደማይታይ አስፍሯል።

ይህ ሁለት ነገር ያስተምራችኋል። የቤተሰባችሁ ሰው «የሆነ ነገር ይይዘኛል» ብሎ ለሐኪም ቢናገር እብድ ነኝ ማለቱ ላይሆን ይችላል፤ ቃሉን የሚያውቅ አስተርጓሚ ሆናችሁ ጎኑ ብትቆሙ ትጠቅሙታላችሁ። ደግሞም ዛር የሚለው ስም ለሚጥል በሽታ፣ ለከባድ ድባቴ ወይም ለታይሮይድ መጋረጃ እንዳይሆን ሐኪም ቤት መሄድን የሚተካ ነገር የለም። ስሙን ማወቅ በሽታውን መመርመር አያስቀርም።

ስለ ዛር ወላጆቻችሁን መጠየቅ ከፈለጋችሁ «ታምናላችሁ?» ብላችሁ አትጀምሩ። ይህ ጥያቄ የንስሐ አባት ጥያቄ ነው፣ በሩን ይዘጋል። «በእናንተ ሠፈር ዛር የነበረባት ሰው ነበረች? ምን ትጠይቅ ነበር?» በሉ። ከዚያ ቡናው እስኪወርድ ዝም በሉ። ቀይ ሻሽ ትሰማላችሁ። ሽቶ ትሰማላችሁ። ለሦስት ቀን ከሥራ መገላገል ትሰማላችሁ። ሴት በራሷ አፍ ብትጠይቀው «አበዛችው» የሚባል ነገር ሁሉ፣ በጌታ ድምፅ ሲጠየቅ እንደሚሰጥ ትሰማላችሁ።

ሳድግ አያቴን አንድ ነገር ጠየቅኋት። ያን ቀን ያቺ ሴት «ምን አልኩ?» ስትል ለምን ዝም አላችኋት? አያቴ ፍሙን በመቆስቆሻ ገለጥ ገለጥ አደረገችና፣

«ብንነግራትማ ሻሹን ይቅርብኝ ትል ነበር» አለችኝ።