ዊንዶውስ ቪስታ፦ የመጀመሪያዎቹ ወራት ፍርድ

ስርዓተ ክወና የሚባለው ፕሮሰሰሩን፣ ማኅደረ ትውስታውን፣ ዲስኩንና ከውጭ የሚሰኩትን መሣሪያዎች በሙሉ የሚያስተዳድረው፣ ሌሎች ፕሮግራሞችም ተደግፈውት የሚሠሩት መሠረታዊ ሶፍትዌር ነው። ተጠቃሚው ግን ይህን ሁሉ ሥራ የሚያውቀው በውጤቱ ብቻ ነው፤ ኮምፒውተሩ ፈጥኖ መነሳቱን፣ ፋይል ሲገለበጥ የሚወስደውን ጊዜ፣ ትናንት ያተመው ፕሪንተር ዛሬም ማተሙን አይቶ ይፈርዳል። ስለዚህ አዲስ ስርዓተ ክወና በወጣባቸው የመጀመሪያ ወራት የሚሰማው ቅሬታ ስለ ደረሰው ችግር እውነተኛ ምስክርነት ሆኖ ሳለ፣ ስለ ችግሩ ምንጭ የሚሰጠው ግምት ግን ብዙ ጊዜ ዒላማውን ይስታል። ማይክሮሶፍት በ2007 ለሕዝብ ያቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ የገጠመው አቀባበል ይህን አጉልቶ ያሳያል።

ቪስታ ለድርጅቶች በኖቬምበር 30 ቀን 2006፣ ለሰፊው ገበያ ደግሞ በጃንዋሪ 30 ቀን 2007 የቀረበ ሲሆን (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፣ ቀዳሚው ዊንዶውስ ኤክስፒ የወጣው በኦክቶበር 2001 ስለሆነ በሁለቱ መካከል ከ5 ዓመት በላይ አልፏል። ሎንግሆርን በሚል የሥራ ስም የተጀመረው ፕሮጀክት ከአቅም በላይ በመለጠጡ ኩባንያው በ2004 ሥራውን ከሌላ መሠረት እንደገና ጀምሮታል፤ ፋይሎችን እንደ መረጃ ቋት ያደራጃል ተብሎ ብዙ የተነገረለት ዊንኤፍኤስም በዚያው ዓመት ከዕቅዱ ወጥቷል። በእነዚሁ ዓመታት እንደ ብላስተር (2003) እና ሳሰር (2004) ያሉ፣ በኢንተርኔት ራሳቸውን የሚያዛምቱ ጎጂ ፕሮግራሞች የዊንዶውስ ተጠቃሚዎችን ክፉኛ አጥቅተው ነበር። ቢል ጌትስም በጃንዋሪ 2002 ለሠራተኞቻቸው በጻፉት ማስታወሻ ደኅንነት ከአዳዲስ አገልግሎቶች እንዲቀድም አዝዘው ስለነበር፣ ቪስታ ጥንቃቄን ያስቀደመ ሥርዓት ሆኖ ተሠራ። የመጀመሪያዎቹ ተጠቃሚዎች እጅግ ከተማረሩባቸው ነገሮች አንዱ የመነጨው ከዚሁ ጥንቃቄ ነው።

ይኸውም የተጠቃሚ መለያ ቁጥጥር የተባለው አሠራር ነው። በኤክስፒ ዘመን አብዛኛው ሰው ኮምፒውተሩን የሚከፍተው በአስተዳዳሪ መለያ፣ ማለትም በሥርዓቱ ላይ ማናቸውንም ለውጥ ለማድረግ ሙሉ ሥልጣን ባለው መለያ ስለነበር፣ የሚከፍተው ፕሮግራም ሁሉ፣ ቫይረሱም ጭምር፣ ያንኑ ሥልጣን ይወርስ ነበር። ቪስታ ይህን ለማስቀረት ሥርዓቱን የሚነካ ሥራ በተጀመረ ቁጥር ማያ ገጹን አደብዝዞ ፈቃድ መጠየቅ ጀመረ። በር ላይ የቆመ ዘበኛ የቤቱን ባለቤት በወጣ በገባ ቁጥር ማንነቱን ቢጠይቀው ባለቤቱ ውሎ አድሮ ጥያቄውን ሳያዳምጥ እንደሚያልፍ ሁሉ፣ ተጠቃሚውም ማሳሰቢያውን ሳያነብ መፍቀድን ለመደ፤ ያኔ ጥበቃው ዋና ጥቅሙን አጣ። የማይክሮሶፍት ባልደረባ ዴቪድ ክሮስ በ2008 በሳን ፍራንሲስኮ በተካሄደ የደኅንነት ጉባኤ ላይ አሠራሩ ሆን ተብሎ ተጠቃሚውን እንዲያስቸግር የተዘጋጀ መሆኑን በግልጽ ተናግረዋል፤ ሐሳቡም ቅሬታው ወደ ፕሮግራም አምራቾች እንዲደርስና እነርሱ ያለ አስተዳዳሪ ሥልጣን የሚሠሩ ፕሮግራሞችን እንዲያዘጋጁ ማስገደድ ነበር። ግቡ ትክክል ነበር፤ ብዙ ፕሮግራሞችም በኋላ ታርመዋል። ነገር ግን አምራቾችን ለማረም ሲባል ሸክሙን ስለ ጉዳዩ ምንም በማያውቅ ገዢ ትከሻ ላይ መጫን ፍትሐዊ አልነበረም፤ ገዢው የተማረረው በቂ ምክንያት ኖሮት ነው።

ከዚህ የከበደው ግን የድራይቨር ጉዳይ ነበር። ድራይቨር በስርዓተ ክወናውና በአንድ መሣሪያ፣ ለምሳሌ በፕሪንተር ወይም በግራፊክስ ካርድ፣ መካከል ሆኖ ትእዛዝ የሚያስተላልፍ ፕሮግራም ሲሆን፣ ብዙውን ጊዜ የሚጽፈው የስርዓተ ክወናው ባለቤት ሳይሆን የመሣሪያው አምራች ነው። ቪስታ የምስልና የድምፅ አሠራርን ከመሠረቱ በመለወጡ ብዙ ድራይቨሮች እንደገና መጻፍ ነበረባቸው፤ አምራቾቹ ግን የመውጫው ቀን ደጋግሞ ሲራዘም ስላዩ በቀኑ ይወጣል ብለው አላመኑም፣ ሥራውንም የጀመሩት ዘግይተው ነው። በዚህ የተነሳ በኤክስፒ ላይ ያለ ችግር ይሠሩ የነበሩ ፕሪንተሮችና ስካነሮች በቪስታ ላይ ከአገልግሎት ውጭ ሆኑ። የማይክሮሶፍት የቦርድ አባልና የቀድሞ ፕሬዚዳንት ጆን ሸርሊ እንኳ ለአንዳንድ መሣሪያዎቻቸው ድራይቨር ባለመገኘቱ ሁለተኛውን ኮምፒውተራቸውን ወደ ቪስታ እንደማያሸጋግሩ ለዋና ሥራ አስፈጻሚው ለስቲቭ ባልመር ጽፈዋል። በኋላ በፍርድ ቤት ይፋ የሆኑ የኩባንያው ሰነዶች እንደሚያሳዩት፣ በ2007 ከተመዘገቡት የቪስታ ብልሽቶች 29 በመቶ ያህሉ ከኤንቪዲያ ድራይቨሮች ጋር የተያያዙ ሲሆኑ፣ ከማይክሮሶፍት ከራሱ ጋር የተያያዙት 18 በመቶ ገደማ ነበሩ። ኮምፒውተሩ በድንገት ቆሞ ያላስቀመጠው ሥራ የጠፋበት ሰው ግን ይህን መለየት አይችልም፤ እንዲለይም አይጠበቅበትም።

የተጠቃሚውን ቅሬታ ወደ ክስ ያደረሰው ደግሞ በኮምፒውተሮች ላይ የተለጠፈ ምልክት ነው። ማይክሮሶፍት ቪስታ ከመውጣቱ በፊት በ2006 ይሸጡ የነበሩ ኮምፒውተሮች ለቪስታ ብቁ ናቸው የሚል ምልክት እንዲለጠፍባቸው ፈቀደ፤ ከእነዚህ ብዙዎቹ ግን ቪስታን የሚያስጀምሩት ኤሮ የተባለውን፣ መስኮቶቹ እንደ መስታወት የሚያሳልፉበትንና ማስታወቂያው ሁሉ የሚያሳየውን መልክ ሳይጨምሩ ነበር። ኤሮ 1 ጊጋባይት ማኅደረ ትውስታና ዘመናዊ ግራፊክስ ካርድ ይፈልግ ነበር፤ ምልክቱ ግን በ512 ሜጋባይት ይገኝ ነበር። የኩባንያው ምክትል ፕሬዚዳንት ማይክ ናሽ ራሳቸው በ2,100 ዶላር የገዙት ላፕቶፕ ከኢሜይል መጻፊያነት እንዳላለፈ በውስጥ መልእክት ገልጸዋል። በሲያትል የቀረበው ክስ በ2008 የቡድን ክስ ሆኖ እንዲታይ ቢፈቀድም፣ ዳኛዋ በ2009 ይህን ፈቃድ ሽረውታል። የሕጉ ውጤት ይህ ይሁን እንጂ፣ ብቁ ነው ተብሎ የተሸጠለት ኮምፒውተር ሲንቀረፈፍ ያየ ሰው ስርዓተ ክወናውን ቀርፋፋ ማለቱ አያስወቅሰውም።

አንዳንዶቹ አስተያየቶች ግን በእርግጥ የተሳሳቱ ነበሩ። ቪስታ ሱፐርፌች በተባለ ዘዴ ተጠቃሚው አዘውትሮ የሚከፍታቸውን ፕሮግራሞች ባዶ በሆነው ማኅደረ ትውስታ ላይ አስቀድሞ ያስቀምጣል፤ ማኅደረ ትውስታው ሲፈለግም ወዲያው ይለቅቀዋል። ነፃው ቦታ እጅግ አንሶ የሚታየው ለዚህ ሲሆን፣ ብዙ ሰው ግን ሥርዓቱ ማኅደረ ትውስታውን በላው ብሎ ደመደመ። እንዲሁም አዲሱ የፍለጋ አገልግሎት በመጀመሪያዎቹ ቀናት በዲስኩ ላይ ያለውን ፋይል ሁሉ እያነበበ ማውጫ ስለሚያዘጋጅ ዲስኩ ያለ ዕረፍት ይሠራ ነበር፤ ማውጫው ካለቀ በኋላ የሚቀንሰው ይህ ጫና ለቸኮለ ገምጋሚ የሥርዓቱ ቋሚ ጠባይ መሰለው። ፋይል ሲገለበጥ የነበረው መጓተት ግን እውነተኛ ጉድለት ነበር፤ ለሕዝብ በማርች 2008 የተለቀቀው የመጀመሪያው የማሻሻያ ጥቅል በአመዛኙ አቃልሎታል።

ማሻሻያው ሲደርስ ግን ፍርዱ ተሰጥቶ ነበር። ዴል ከደንበኞቹ በቀረበለት ጥያቄ በኤፕሪል 2007 ለቤት ተጠቃሚዎች በሚሸጣቸው አንዳንድ ኮምፒውተሮች ላይ ኤክስፒን መልሶ ማቅረብ ጀመረ። ማይክሮሶፍት በበኩሉ በ2008 በሳን ፍራንሲስኮ ስለ ቪስታ መጥፎ አመለካከት ያላቸውን ሰዎች ሰብስቦ፣ ሞሃቪ የተባለ አዲስ ስርዓተ ክወና ነው እያለ ቪስታን አሳያቸው፤ አስቀድሞ ለቪስታ ከ10 በአማካይ 4.4 የሰጡት ሰዎች ሞሃቪ ለተባለው 8.5 ሰጡ። ኩባንያው ይህን የሕዝቡ ጥላቻ ከወሬ የመጣ ለመሆኑ ማስረጃ አድርጎ አስተዋወቀው። ማስረጃነቱ ግን ደካማ ነው፤ ምክንያቱም ኮምፒውተሩ 2 ጊጋባይት ማኅደረ ትውስታ ያለው ነበር፣ ያሳያቸውም የሠለጠነ ባለሙያ ነበር፣ አሮጌ ፕሪንተሩን አምጥቶ እንዲሰካ የተጠየቀ ሰውም አልነበረም። ሙከራው ያሳየው ቪስታ በተመቻቸለት ቦታ መልካም መሆኑን ነው፤ ሰዎች የተማረሩት ደግሞ ባልተመቻቸለት ቦታ ነው።

ለአማርኛ ተጠቃሚ ይህ ታሪክ ሌላ ገጽ አለው። የኢትዮጵያ ፊደል በዓለም አቀፉ የፊደላት ኮድ፣ በዩኒኮድ፣ ውስጥ የገባው በ1999 ሲሆን፣ ከዚያ በፊት የነበሩት የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች ፊደላቱን በላቲን ሆሄያት ኮድ ላይ እያስቀመጡ ይሠሩ ስለነበር፣ በአንዱ የተጻፈው ጽሑፍ ያው ፎንት በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ትርጉም የለሽ ምልክት ይሆን ነበር። ኤክስፒ የራሱ የኢትዮጵያ ፊደል ፎንት ስላልነበረው በዩኒኮድ የተጻፈ አማርኛ እንኳ ፎንት ካልተጫነለት በባዶ ሳጥኖች ይታይ ነበር፤ ይህም ፎንት የመጫን ፈቃድ በማይሰጥባቸው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍትና የመሥሪያ ቤት ኮምፒውተሮች ለሚገለገሉ በውጭ አገር ላሉ አንባቢዎች ከባድ እንቅፋት ነበር። በደጋ አጋዘን ስም የተሰየመውን፣ ኒያላ የተባለውን ፎንት ከአማርኛ ኪቦርድ ጋር አብሮ ይዞ የመጣው የመጀመሪያው ዊንዶውስ ቪስታ ነው። ከማንም ምንም ሳይገዙ፣ ከየትም ሳያወርዱ አማርኛ መጻፍና ማንበብ መቻል ቀላል ነገር አይደለም። ሆኖም በዓለም ዙሪያ የተሰማው የመጀመሪያ ወራት ቅሬታ ስለ ፍጥነትና ስለ ድራይቨር ስለነበር እንዲህ ያለው ትርፍ በመመዘኛው ውስጥ አልገባም።

በኦክቶበር 2009 የወጣውና በጥሩ አቀባበል የታደለው ዊንዶውስ 7 በውስጡ የቪስታ ቀጥተኛ ልጅ ነው፤ የውስጥ መለያ ቁጥሩም ከ6.0 ወደ 6.1 ብቻ ነው የተሸጋገረው። የድራይቨር አሠራሩን ከቪስታ ወረሰ፣ የፈቃድ ጥያቄውን ተጠቃሚው ራሱ በአራት ደረጃ እንዲያስተካክለው አደረገ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ አምራቾች ከሁለት ዓመት በላይ ድራይቨሮቻቸውን ካረሙና ኮምፒውተሮችም ከጠነከሩ በኋላ መጣ። የቪስታ የመጀመሪያ ተጠቃሚዎች ዋጋውን ከፍለዋል፤ ጥቅሙን ያገኙት ግን ሳይቸኩሉ የቆዩት ናቸው።

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ በኦክቶበር 14 ቀን 2025 ስላቆመ፣ ዛሬም ብዙ ሰው ወደ ዊንዶውስ 11 ለመሸጋገር እያሰበ ነው፤ ይህ ሥርዓት ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደኅንነት ክፍልና በአንጻራዊነት አዲስ ፕሮሰሰር ይጠይቃል። የሌላውን ሰው አድናቆት ወይም ምሬት የሚሰማ አንባቢ ሰውየው የሚሠራበት ኮምፒውተር ምን ዓይነት እንደሆነ አስቀድሞ ይጠይቅ። ራሱ ከመሸጋገሩ በፊትም ፋይሎቹን በሌላ ዲስክ ላይ ያስቀምጥ፤ ፕሪንተሩ፣ ስካነሩና የሚገለገልባቸው ፕሮግራሞች በአዲሱ ሥርዓት ላይ እንደሚሠሩም ከየአምራቾቹ ያረጋግጥ።