አዳራሹ መማሪያ ክፍል ከመሆኑ በፊት

ከየአጥቢያው ከሚደርሱን ጥያቄዎች አንዱ ይህ ነው፤ «አዳራሻችን ከእሑድ በቀር ባዶውን ይውላል። የሠፈሩ ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ የሚያጠኑበት ቦታ የላቸውም፤ እናቶቻቸውም ፊደል መቍጠር ይፈልጋሉ። ቤተ ክርስቲያናችን በሕግ የተመዘገበች ናትና ነገ ብንጀምር ምን ይከለክለናል?» አሳቡ መልካም ነው። ነገር ግን የቤተ ክርስቲያን ምዝገባና የማስተማር ፈቃድ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ልዩነቱን ሳይረዱ የጀመሩ ሰዎች ሥራቸው በመካከል ሲቆም የሚጎዱት ተማሪዎቹ ስለ ሆኑ ነገሩን ባጭሩ ማስረዳት አስፈላጊ ሆኖ አግኝተነዋል።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 27 አማኞች የሃይማኖት ትምህርት የሚሰጡ ተቋማትን ለማቋቋም እንደሚችሉ ይደነግጋል። ስለዚህ የሰንበት ትምህርት ቤትና የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት የወረዳውን ትምህርት ጽሕፈት ቤት ፈቃድ አይጠይቁም። ይኸው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 90 ደግሞ ትምህርት ከሃይማኖት፥ ከፖለቲካና ከባህል ተጽዕኖ ነጻ ሆኖ መሰጠት እንዳለበት ያዛል። እንግዲህ ፊደል፥ ሒሳብና ሳይንስ ማስተማር ስንጀምር ከመጀመሪያው አንቀጽ ወጥተን ወደ ሁለተኛው ገብተናል ማለት ነው።

ይህ አከፋፈል ዛሬ የመጣ አይደለም። በ1936 ዓ.ም. የወጣው የሚሲዮኖች ድንጋጌ አገሩን ክፍት በሆነና የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን በሆነ ክልል ለይቶ፥ በኋለኛው ክልል ሚሲዮኖች ሆስፒታልና የራሳቸውን የሃይማኖት ክፍል ትምህርት የማይሰጡበት ትምህርት ቤት እንዲከፍቱ ይፈቅድ ነበር። ዘመኑና ሕጉ ተለውጠዋል፤ «የምታስተምሩት ምንድን ነው? ለማንስ ነው?» የሚለው ጥያቄ ግን አሁንም የሚቀርብ ነው።

ሥራውን የሚሠራው አካል ማን እንደ ሆነም መታወቅ አለበት። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113 የሃይማኖት ተቋማትን ራሳቸውን አይመለከትም። የሃይማኖት ተቋማት የሚያቋቁሟቸው የበጎ አድራጎት ድርጅቶች ግን በዚሁ አዋጅ መሠረት ይመዘገባሉ። ብዙዎቹ አብያተ ክርስቲያናት የልማት ክፍላቸውን ለይተው ያስመዘገቡት ስለዚህ ነው። የልማት ክፍሉም በየክልሉ ሥራ ሲጀምር እንደ ተለመደው የፕሮጀክት ስምምነት ይፈራረማል። ስለሆነም አጥቢያው ብቻውን ከመነሣቱ በፊት የልማት ክፍሉን ማማከር ይገባዋል፤ ምናልባት ስምምነቱ ቀድሞ ተፈርሞ ይሆናል።

ከዚህ በኋላ የትኛውን በር ማንኳኳት እንደሚገባ የሚወስነው የትምህርቱ ዓይነት ነው።

1ኛ. ማስጠኛ ፕሮግራም። ልጆቹ በመደበኛ ትምህርት ቤት ተመዝግበው፥ ከሰዓት በኋላ ወደ እኛ መጥተው የቤት ሥራቸውን ይሠራሉ፤ በደከሙበት ትምህርትም ይረዳሉ። እኛ የክፍል ማስረጃ አንሰጥም፤ ማስረጃ የሚሰጠው ትምህርት ቤታቸው ነው። ቢሆንም ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤትና ለትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር በጽሑፍ ማሳወቅና ፈቃድ ያስፈልግ እንደ ሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው። ከወላጅ ክፍያ የሚቀበል ከሆነ ጥያቄው የበለጠ ይጠብቃል።

2ኛ. አማራጭ መሠረታዊ ትምህርት። ይህ በዕድሜያቸው ትምህርት ቤት ሳይገቡ ለቀሩ ልጆች የታሰበ ሲሆን የአራቱን የመጀመሪያ ክፍሎች ትምህርት በሦስት ዓመት ያስጨርሳል። የጨረሰው ልጅ ወደ 5ኛ ክፍል ይገባል። ጣቢያው ያልታወቀ ከሆነ ግን ልጁ ማስረጃ ይዞ ሲሄድ መዝጋቢው አይቀበለውም። ሦስት ዓመት ተምሮ እንደ ገና ከ1ኛ ክፍል ጀምር የተባለ ልጅ ዳግመኛ ደብተር ይይዛል ብሎ ተስፋ ማድረግ ከባድ ነው።

3ኛ. የጎልማሶች ትምህርት። ማንበብ፥ መጻፍና ማስላትን ከግብርና፥ ከጤናና ከገቢ ሥራ ጋር አያይዞ የሚያስተምረው የተቀናጀ ተግባር ተኮር የጎልማሶች ትምህርት በሁለት ዓመት የተከፈለ ነው። መጽሐፉና ሥርዓተ ትምህርቱ የመንግሥት ስለ ሆነ በወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት በኩል ይካሄዳል። ደረጃ በደረጃ የሚሰጥ የማታ ትምህርት ለመክፈት ያሰበ ደግሞ እንደ ማንኛውም ትምህርት ቤት ፈቃድ ማውጣት አለበት፤ አለዚያ ተማሪው ለፈተና መቀመጥ አይችልም።

4ኛ. የሙያ ሥልጠና። ስፌት፥ ኮምፒዩተርና የፀጉር ሥራ የመሳሰሉት ከትምህርት ጽሕፈት ቤት ይልቅ የቴክኒክና ሙያ ሥልጠናን የሚመራውን መሥሪያ ቤት ይመለከታሉ። የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር በ2014 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ በየደረጃው ያሉት የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤቶች የዚህ ዘርፍ ናቸው። ሠልጣኟ በሙያ ብቃት ምዘና ካላለፈች የእኛ ወረቀት ብቻውን እምብዛም አይረዳትም።

ዝርዝሩ ደንብ ከክልል ክልል፥ ከከተማም ገጠር ይለያያል። በሌላ ወረዳ የተሠራበትን ይዞ መሄድ ስለማይበቃ መመሪያውን ከዚያው ከወረዳው መቀበል ያስፈልጋል። ቢሆንም ጐብኚዎች ዘወትር የሚያዩአቸው ነገሮች የታወቁ ናቸው፤ የቦታው ይዞታ ማረጋገጫ ወይም የኪራይ ውል፥ የክፍሉ ስፋትና ብርሃን፥ ንጹሕ ውኃ፥ ለወንድና ለሴት የተለየ መጸዳጃ ቤት፥ የመምህራኑ የትምህርት ማስረጃ፥ የተማሪዎች መዝገብ። ለአንድ አጥቢያ የተሰጠ ፈቃድ ለሌላው ይሠራል ብላችሁም አትገምቱ፤ የሚታደስበትንም ቀን ጻፉት።

ፈቃድ ተገኘ ማለት ግን ልጆች ተጠበቁ ማለት አይደለም። ተቆጣጣሪው በዓመት አንድ ወይም ሁለት ቀን ይመጣል፤ ልጆቹ ግን በየቀኑ ይመጣሉ። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ልጅ የወላጅ ወይም የአሳዳጊ ፊርማ ይኑር። አንድ አዋቂ ከአንድ ልጅ ጋር በተዘጋ ክፍል ብቻውን አይቆይ። ፕሮግራሙ ሳይመሽ ያብቃ። አቤቱታ ያለው ልጅ ለማን እንደሚናገር አስቀድሞ ይነገረው፤ የተነገረውም ነገር «የቤተ ክርስቲያን ስም እንዳይጠፋ» ተብሎ አይሸፈን።

በመጨረሻ ስለ ራሳችን ልማድ አንድ ነገር እንበል። አንዳንድ ወገኖች የፊደል ክፍሉን ለስብከት መግቢያ አድርገው ያስባሉ። በትምህርት ስም ተመዝግቦ የመጣ ጎረቤት፥ ሙስሊም ይሁን ኦርቶዶክስ፥ ለመማር መጥቷል፤ የተገባለትም ቃል ይኸው ነው። የሃይማኖት ትምህርት በሌላ ሰዓት፥ በሌላ መዝገብ፥ ለፈለገ ብቻ ይሁን። ይህ ሕግ የሚጠይቀው ነው፤ ሕጉ ባይኖር እንኳ እውነተኛነት ይጠይቀዋል። ጎረቤት የሚያምነን የነገርነውንና ያደረግነውን አነጻጽሮ ነው።

እንግዲህ አግዳሚ ወንበር ከመግዛታችሁና ተማሪ ከመመዝገባችሁ በፊት፥ ሦስት ሰዎች መርጣችሁ ወደ ወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ላኩ። ምን ልታስተምሩ፥ ለማን፥ በስንት ሰዓት፥ በማን ገንዘብ እንደ ሆነ በአንድ ገጽ ጽፈው ይያዙ። የሚሰጣቸውን መልስ በቃል ብቻ አይቀበሉ፤ በደብዳቤ ይጠይቁ፤ ቅጂውንም በፋይል ያኑሩ። ምልልሱ ሳምንታት ሊፈጅ ይችላል፤ ሰውም ሊሰለች ይችላል። ይሁን እንጂ ያቺ እናት ከገበያ ስትመለስ ድካሟን ችላ ሁለት ዓመት የምትማርበት ክፍል በመካከል እንዳይዘጋባት የእነዚያ ሳምንታት ትዕግሥት የእኛ ድርሻ ነው።